ከኮንዶሚኒየም ዕጣው በፊት መለካት፦ ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
ለዋና ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የከተማ ግንባታ በነዋሪዎች የአካል እንቅስቃሴ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ለማጥናት ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባውን ሥራ ይመለከታል

የተከበራችሁ የኢንስቲትዩቱ ኃላፊዎችና ተመራማሪዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በጤና ዳሰሳ ጥናቶች መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ለዓመታት ቤት ለቤት የዞርኩ፣ ዛሬ ደግሞ በማስተማር ሥራ ላይ የምገኝ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ነኝ። አቤቱታ ይዤ አልመጣሁም። የጥናት ገንዘብ ሁልጊዜም ጥቂት ስለሆነ፣ ያለችው ጥቂት ገንዘብ መጀመሪያ ምን ላይ ትዋል በሚለው ጉዳይ ሐሳቤን ለማቅረብ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተካሄደው የኮሪደር ልማት በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በመገናኛና በቦሌ አቅጣጫ የእግረኛ መንገዱን አስፍቷል፤ የብስክሌት መስመር ጨምሯል፤ መብራት ተክሏል። በዚያው ልክ የሰፈር ሙሉ ነዋሪ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ አካባቢዎች ሄዷል። ስለ ሥራው ደግነትና ክፋት የሚከራከር ሰው አልጠፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በአንድ ትውልድ ዕድሜ አንዴ የሚገኝ የጥናት አጋጣሚ፣ ቀድሞ የለካ ሰው ከሌለ፣ ኮንክሪቱ ሲደርቅ አብሮ የሚያልፍ መሆኑ ነው።

አሁን በእጃችን ያለው መሣሪያ ምን ያህል እንደሚነግረን ልጥቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአካል እንቅስቃሴ መጠይቅ 16 ጥያቄዎች አሉት። በሥራ፣ ከቦታ ወደ ቦታ በመሄድና በትርፍ ጊዜ በሳምንት ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ደቂቃ እንደምንንቀሳቀስ፣ በመጨረሻም ምን ያህል ሰዓት ተቀምጠን እንደምንውል ይጠይቃል። አንድ ቀን ግቢያቸው ውስጥ ልብስ የሚያጥቡ አንዲት እናት አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ «እማማ፣ በሳምንት ስንት ቀን ስፖርት ይሠራሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ከሳሙናው አረፋ ሳያወጡ ሳቁና «ስፖርትማ የጠገበ ነው የሚሠራው፤ ለእኔ ይኼ ዳገት ይበቃኛል» አሉኝ። ስለ እግር ጉዞ ስጠይቃቸው ወፍጮ ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ጉሊቱንና የእድር ለቅሶውን እየቆጠሩ ነገሩኝ። ደማምሬ ሳየው ድርጅቱ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ይገባል የሚለውን 150 ደቂቃ ገና ከሳምንቱ አጋማሽ በፊት አልፈውታል። «በቂ እንቅስቃሴ ያላቸው» በሚለው ረድፍ ገቡ። ዳገቱ በክረምት ጭቃ መሆኑ፣ የጎርፍ መውረጃው ክዳን አለመኖሩ፣ ከመሸ በኋላ እንደማይወጡ የነገሩኝ ሁሉ ግን የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። መጠይቁ «ስንት ደቂቃ» ይላል እንጂ «የት» አይልም።

በዚህ ዘርፍ የምናነበው ጥናት አብዛኛው የተሠራው በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በአውሮፓ ነው። የእነሱ ዋና ጥያቄ መኪና የለመደን ሰው ከመኪናው አውርዶ በእግሩ እንዲሄድ የሚያደርገው ሰፈር ምን ዓይነት ነው የሚል ነው፤ መልሱንም የሚፈልጉት በቤቶች ጥግግት፣ ሱቅና መኖሪያ ተቀላቅሎ በመሠራቱ፣ በመንገዶች መገናኘትና በመሳሰሉት ነው። ጥያቄው ለእነሱ ትክክል ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ሰው ቀድሞውኑ በእግሩ ይሄዳል፤ በከተማዋ ከሚደረገው ጉዞ ትልቁ ድርሻ የእግር ጉዞ ነው። ብዙው ሰው የሚሄደው ደግሞ መንገዱ ስለተመቸው ሳይሆን የታክሲ ሒሳቡን ስለሚቆጥብ ወይም የታክሲው ሰልፍ ስለሚያሰለቸው ነው። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ ይገለበጣል፦ በእግሩ ይሄድ የነበረው ሰው ከተማው ሲለወጥበት መሄዱን የሚተወው መቼ ነው? የሚተወውስ ማን ነው? ገቢው ከፍ ሲል ነው፣ ቤቱ ሲርቅ ነው፣ ወይስ ዕድሜው ሲገፋ? በመኪና አደጋ ሕይወታቸውን የሚያጡት የከተማዋ ነዋሪዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ስናስብም፣ የእግር ጉዞን ሁሉ በጤና ሒሳብ መመዝገብ ትክክል እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሌላው ዓለም የተቸገረበት አንድ እንቅፋት አለ። ለእግረኛ የሚመች ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች የበለጠ ሲራመዱ ቢታዩ፣ ያራመዳቸው ሰፈሩ ይሁን ወይስ መራመድ የሚወዱ ሰዎች ያንን ሰፈር መርጠው ይግቡ መለየት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ የተጀመረ አንድ ጥናት ችግሩን ለማቃለል ወደ አዲስ መንደር የሚዛወሩ ሰዎችን ከመዛወራቸው በፊት ለክቶ፣ ከተዛወሩም በኋላ ለዓመታት ተከታትሏቸዋል። ይሁንና እነሱም መንደራቸውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው።

እኛ ዘንድ ግን ኮንዶሚኒየም የሚሰጠው በዕጣ ነው። በ1997 ዓ.ም. እና በ2005 ዓ.ም. ከተመዘገበው ሕዝብ መካከል ማን የት፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሚደርሰው የወሰነው ዕጣ እንጂ ምርጫ አይደለም። ዕጣ የደረሰውና ያልደረሰው ተመዝጋቢ በዚያች ቀን ጠዋት አንድ ዓይነት ሰው ነበሩ። ይህን የመሰለ ንጽጽር ሌላ አገር ያለ ተመራማሪ በቀላሉ አያገኘውም። ኢኮኖሚስቶች ይህንኑ ዕጣ ተጠቅመው ቤት የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን በሥራና በገቢ አነጻጽረዋል፤ የጤናው ዘርፍም ስለ እርምጃ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በዚሁ መንገድ መጠየቅ ይገባዋል። በእርግጥ ጥንቃቄ ያሻል። ዕጣው ለሴቶችና ለመንግሥት ሠራተኞች በተያዘ ድርሻና በመኝታ ክፍል ብዛት ተከፋፍሎ ስለሚወጣ ንጽጽሩም በየምድቡ መሆን አለበት። ብዙ ባለዕድለኛ ቤቱን አከራይቶ እዚያው በነበረበት ስለሚቀር፣ የሚነጻጸረው የገባና ያልገባ ሳይሆን የደረሰውና ያልደረሰው ነው። የ14ኛው ዙር ዕጣ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወጥቶ መሰረዙንና በድጋሚ መውጣቱን የምናስታውስ ሰዎች ደግሞ ዝርዝሩ ለጥናት ከመዋሉ በፊት መጣራት እንዳለበት አንዘነጋም።

እናቴ ከእነዚህ ባለዕድለኞች አንዷ ናት። ቀበሌ ቤት ስትኖር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጅ ትወጣ ነበር፤ ለሽንኩርትም ለኪዳንም። አሁን የምትኖረው በከተማዋ ዳር፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ደረጃውን እየቆጠረች ትወጣ ነበር፤ «ይኼስ እንጦጦ ነው» እያለች በየወለሉ ታርፋለች። በሁለተኛው ዓመት ጉልበቷን አመማት። አሁን ዘንቢል በገመድ ወደ ታች ትሰድና የጎረቤት ልጅ ከሱቅ የገዛውን ያደርግላታል። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውኃው ከቧንቧ ይወርዳል፣ መጸዳጃውም የራሷ ነው፤ ወደ ድሮው ትመለሺ ቢሏት እሺ አትልም። ደረጃ ለወጣት ስፖርት ነው የሚለው የመማሪያ መጽሐፋችን ሐሳብ ለ70 ዓመት ሴት ምን እንደሚሆን ግን በአገራችን በቁጥር ልናውቀው ይገባል። ፎቁንም የሚሰጠው ዕጣ ስለሆነ ምድር ቤት የደረሳቸውን አዛውንት ከአራተኛ ፎቅ ነዋሪዎች ጋር ማነጻጸር ይቻላል። እንደ እኔ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ መሠራት ያለበት ጥናት ይህ ነው።

ሁለተኛው በኮሪደር ልማት የተነሡት ነዋሪዎች ጉዳይ ነው። እነሱም የሚሄዱበትን የመረጡት ራሳቸው አይደሉም፤ ቀድሞ የነበራቸውን የእግር ጉዞ አሁን ግን በትዝታ ካልሆነ በቀር መለካት አይቻልም። ገና ሥራው ያልደረሰባቸው መስመሮች ስላሉ፣ የሚነሡትንም የማይነሡትንም ከወዲሁ መለካት ይቻላል። በወገብ የሚታሰር የእንቅስቃሴ መለኪያ ለአንድ ሳምንት ማሰርና ከላይ የጠቀስኩትን መጠይቅ «የት» በሚል ጥያቄ ማሟላት ለመነሻ ይበቃል። ርቀት ሲለካም በካርታ ላይ ቀጥታ መስመር ከመሳብ መቆጠብ ያስፈልጋል። የቀላል ባቡሩ አጥር ባለበት ሰፈር ገበያው ከመስኮት እየታየ፣ በእግር ግን መሻገሪያው ድረስ ሄዶ መመለስ ግድ ነው።

የመናፈሻዎች፣ የብስክሌት መስመሮችና መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት የ«መንገድ ለሰው» ጥናትም ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሊቆይ ይችላል። መናፈሻው ነገም እዚያው አለ፤ የሚነሣው ነዋሪ ግን የለም።

ስለሆነም ኢንስቲትዩቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ዕጣ ከሚያስተዳድረው አካልና ከከተማዋ የፕላን ቢሮ ጋር ተስማምቶ፣ የተመዝጋቢዎች ዝርዝር ስማቸው ተሸፍኖ ለጥናት የሚውልበትን አሠራር እንዲዘረጋ፣ የሚቀጥለው ዙር ዕጣ ከመውጣቱና የሚቀጥለው የኮሪደር ምዕራፍ ከመጀመሩ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት መነሻ ልኬቱ እንዲሰበሰብ በአክብሮት እጠይቃለሁ። መረጃ ሰብሳቢ ካስፈለገም መጠይቁን ይዤ እንደገና ደረጃ ለመውጣት ፈቃደኛ ነኝ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ከማን ቤት እንደምጀምር አውቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የኅብረተሰብ ጤና መምህር፣ ከአዲስ አበባ