በጀሪካን አትክልት ለምትጀምሩ

ውድ አባላት፣

በረንዳ ላይ ለመጀመር ከሁሉ የሚቀለው ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው። የፀረ ተባይ መያዣ የነበረ ግን ታጥቦም አይሆንም። አናቱን ቆርጣችሁ አንሡና ታቹን በጋለ ብረት ስድስት ሰባት ቦታ ብሱ፤ ቀዳዳው የትንሽ ጣት ውፍረት ይኑረው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቀዳዳውን ትቶ ከታች ጠጠር ያነጥፋል። ጠጠር ውሃ አያስወጣም። ውሃው ይጠራቀምና ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። መረሬ (ጥቁሩ አፈር) ብቻውን ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ትኩስ ፍግ ደግሞ ሥር ያቃጥላል፤ መጀመሪያ በደንብ ይብላላ። ስትሞሉ ከአፉ አራት ሳንቲ ሜትር አጉድሉ።

በአንድ ጀሪካን ሦስት ቆስጣ ወይም አንድ ቃሪያ ይበቃል። ቲማቲም ለጀማሪ አንመክርም፤ በክረምት ርጥበት ቅጠሉ እየጠቆረ ያልቃል። ከቆስጣው የዳር ዳር ቅጠሎቹን ብቻ ቁረጡ፣ መሐሉን አትንኩ፤ ደጋግሞ ይሰጣችኋል።

ውሃ በቀን ቆጠራ አይጠጣም። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱ፤ ደረቅ ከሆነ ከሥር እስኪንጠባጠብ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት።