የግድግዳ ሠዓሊን ሥራ በጋለሪ ስንሰቅል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በተነሣ ቁጥር «የሸራ ሥዕሎቻቸው ጌጥ ይበዛባቸዋል፤ ሰዎቹም ሐውልት ይመስላሉ» የሚል አስተያየት ከሥነ ጥበብ ወዳጆች ደጋግሜ እሰማለሁ። አስተያየቱ ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም፤ አንዳንዶቹ የቁም ሥዕሎች ለእኔም ውበታቸው ከልክ ያለፈ ነው። ይሁን እንጂ ሠዓሊው ለሕንፃ ሲያስቡ የኖሩ ሰው መሆናቸውን ዘንግተን የጋለሪ ሥራቸውን ብቻ ነጥለን ከመዘንን፣ የፈረድነው በግማሹ አፈወርቅ ላይ ነው።

ጥር 1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው ባለቀለም የመስታወት ሥራቸው 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ይተርካል። መስታወት ለሠዓሊው የራሱ ግዴታ አለው፤ እያንዳንዱ ቀለም ድንበሩን ማወቅ፣ ምስሉም ከሩቅ ለቆመ ሰው መነበብ ይኖርበታል፤ ብርሃኑን የሚሰጠው ደግሞ ብሩሽ ሳይሆን ከጀርባ የምትወጣው ፀሐይ ናት። ይህን አይቶ ወደ ሸራዎቻቸው የሚመለስ ተመልካች፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የብርሃን ሰንበር የሰውን ፊትና የነጠላውን እጥፋት አቋርጦ እስከ ሰማዩ ሲዘልቅ፣ ሰማዩም በዓይናችን የምናውቀው መሆኑ ቀርቶ በሠዓሊው ምናብ እንደ መስኮት ሲከፋፈል ያስተውላል። ሐውልት መስሎ የታየንም ከአዳራሹ ማዶ እንዲታይ የታሰበ አቋም ነው።

ስለዚህ ለጋለሪና ለሙዚየም ባለሙያዎች የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። የግድግዳ ሠዓሊን ሸራ በጠባብ መተላለፊያ ላይ አትስቀሉት፤ ተመልካቹ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት ስፍራ ይተውለት። የቅድመ ሥራ ንድፎች ካሉ ከጎኑ ይሰቀሉ፤ ከሌሉ የሕንፃ ሥራዎቹ ፎቶግራፍ ከነልካቸውና ከነቦታቸው በአማርኛ ተብራርቶ ይቀመጥ። የአፍሪካ አዳራሽ እድሳቱ ተጠናቆ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተመርቋል፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ያሉት ሥዕሎቻቸውም ፒያሳ ናቸው። የሥነ ጥበብ መምህራን ተማሪዎቻቸውን አስቀድመው ወደነዚህ፣ ከዚያም አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ቢወስዱ፣ ስለ ጌጡ የሚነሣው ክርክር በተሻለ ማስረጃ ይቀጥላል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሥነ ጥበብ ወዳጅ፣ ከአዲስ አበባ