ፓይለቱ አላቃተውም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ወር እናቴን ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ወስጄ በአውሮፕላን ወደ ኮምቦልቻ እየተመለስን ነበር። ጎማው መሬት ነካ ስንል አልነካም። ማኮብኮቢያው ከሥራችን ይሮጣል፣ አውሮፕላኑ ተንሳፍፎ ቀረ። እናቴ "ያ ረቢ!" ብላ እጄን ጨመቀችው። ከኋላችን አንድ ሰው ጮክ ብሎ "ፓይለቱ ማሳረፍ አቃተው" አለ። ከ4 ሰከንድ በኋላ በሰላም አረፍን። እናቴ ግን ያቺ ቃል ከልቧ አልወጣችም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ በአውቶቡስ ካልሆነ አልሄድም ብላለች። በ78 ዓመቷ፣ 400 ኪሎ ሜትር፣ ያውም በጣርማ በር!

ደሴ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ዝም ማለት አልቻልኩም።

አውሮፕላን ሲበር ከክንፉ ሥር ያለው አየር ግፊቱ ከላይኛው ይበልጣል። ስለዚህ በክንፉ ጫፍ ሾልኮ ወደ ላይ ይጠመዘዛል። ይህ ሽክርክሪት አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። መሬት ሲቀርብ ግን ሽክርክሪቱ መዞሪያ ያጣል። መጎተቱ ይቀንሳል፣ ክንፉም የበለጠ ያነሳል። ኮምቦልቻ የሚመጣው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 28 ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። ክንፉ ከመሬት 7 ሜትር ገደማ ሲቀረው ያ መጎተት በሩብ ያህል ይወርዳል። ክንፋቸው ከሆዳቸው ግርጌ የሆነ አውሮፕላኖችማ ከዚህም በላይ ይንሳፈፋሉ። ሐይቅ ላይ ትልልቅ ወፎች ውሃውን ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው ክንፋቸውን ዘርግተው ሲንሸራተቱ ያየ ሰው ይህንኑ ነው ያየው።

ነፋስ ሲያስቸግር አብራሪዎች ትንሽ ፍጥነት ጨምረው ይመጣሉ። ያ ትርፍ ፍጥነት እስኪያልቅ አውሮፕላኑ እሺ ብሎ አይቀመጥም። በዚያ ላይ ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የማረፊያው ፍጥነት ከቆላው ይበልጣል። በሰከንድ 60 ሜትር ብንል እንኳ 4 ሰከንድ መንሳፈፍ 240 ሜትር አስፋልት ይበላል። አብራሪው ይህን ያውቃል፣ እያሰላ ነው የሚጠብቀው። የሚያስፈራው ቸኩሎ አፍንጫውን ቢደፋው ነበር፤ የፊት ጎማው ቀድሞ ሊመታ ይችላል። አስፋልቱ የማይበቃው ከመሰለው ደግሞ ሞተሩን አስጩሆ ተመልሶ ይነሳል። ያኔም ቢሆን ሥራውን ሠራ እንጂ አቃተው አይባልም።

የእናቴ ቀጠሮ ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። እባካችሁ ይህን ከዚያ በፊት አውጡልኝ። ጠዋት ቡና ላይ ጋዜጣ ሳነብላት በጥሞና ታዳምጣለች።

ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር፣ ከደሴ