«ኖስታልጂክ» ስለሚለው ቃል ለጠየቁኝ አባቴ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው እሑድ ስንነጋገር፣ «ኖስታልጂክ» የሚለውን ቅጽል የእርስዎ አሮጌ መዝገበ ቃላት «የአገር ናፍቆት የያዘው» ብሎ እንደሚፈታው፣ በሬዲዮ የሚሰሙት ግን «ያለፈውን ዘመን የሚናፍቅ» ለማለት እንደሆነ ነግረውኝ፣ የትኛው ትክክል እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥያቄውን ያነሡት እኔ ስለ ምርመራው ውጤት መጠየቅ ስጀምር እንደነበር አስተውያለሁ። ቢሆንም ዕድሜ ልኩን እንግሊዝኛ ላስተማረ ሰው በስልክ የችኮላ መልስ መስጠት ስላልፈለግሁ ይህን ጻፍሁ።

ሁለቱም ፍቺዎች ትክክል ናቸው፤ የሚቀድመው ግን የእርስዎ መዝገበ ቃላት ፍቺ ነው። ቅጽሉ የወጣበት ስም የተፈጠረው እኔ በምኖርባት በባዝል ከተማ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1688 ዮሐነስ ሆፈር የተባለ የ19 ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ ስዊዞች «ሃይምቬ» ለሚሉት የአገር ናፍቆት በላቲን በጻፈው የመመረቂያ ጽሑፉ የበሽታ ስም አወጣለት። «ኖስቶስ» በግሪክኛ ወደ ቤት መመለስ ነው፤ «አልጎስ» ደግሞ ሕመም ነው፤ ሁለቱን አጋጥሞ «ኖስታልጂያ» አለው። «አልጎስ» በእርስዎም ቤት አለ፤ የሕመም ማስታገሻ «አናልጀሲክ» የሚባለው ከዚያው ሥር ነው።

ሆፈር የዘረዘራቸው ምልክቶች የማያቋርጥ ሐዘን፣ የእንቅልፍ መረበሽ፣ የልብ ትርታና የምግብ ፍላጎት መዘጋት ናቸው። ከመዘገባቸው ሕሙማን አንዷ ከከፍታ ወድቃ ባዝል ሆስፒታል የገባች የገጠር ልጅ ነበረች፤ ነፍሷን ስታውቅ በማታውቃቸው ሰዎች መካከል ራሷን አገኘች፤ ምግቡንም መድኃኒቱንም እየተፋች «ኢኽ ቪል ሃይም» ትል ነበር፤ ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ወላጆቿ ወደ ቤቷ ሲወስዷት ያለ ሌላ መድኃኒት በጥቂት ቀናት ውስጥ ዳነች።

አባዬ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር እኔ በየምሽቱ እሰማዋለሁ። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንዲት እናት ካፖርታቸውን በሌሊት ልብሳቸው ላይ ደርበው፣ የእጅ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሩ አጠገብ ይቀመጡና «ኢኽ ቪል ሃይም» ይሉኛል። ቤትዎ የት ነው ብዬ ስጠይቃቸው የሚነግሩኝ ያገቡበትንና የወለዱበትን ቤት አይደለም፤ እናታቸው ወጥ ቤት ቆመው የሚጠብቋቸውን ቤት ነው።

የቃሉ ፍቺ ከቦታ ወደ ዘመን የዞረበትንም ምክንያት ከእርሳቸው የተረዳሁት ይመስለኛል። ለረጅም ጊዜ ኖስታልጂያ የሐኪም ቃል ሆኖ ቆይቷል፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንኳ የሰሜኑ ጦር ሐኪሞች ከ5,000 በላይ ወታደሮችን በዚህ ስም መዝግበዋል። ነገር ግን ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ገና በ1798 እንደጻፈው፣ በናፍቆት ታመው አገራቸው የተመለሱ ሰዎች የጠበቁትን አያገኙም፤ ቦታው የተለወጠ ይመስላቸዋል እንጂ የጎደላቸው መልሰው ሊያመጡት የማይችሉት ወጣትነታቸው ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን ቃሉ ከሕክምና መጽሐፍ ሲወጣ ዛሬ በሬዲዮ የሚሰሙትን ፍቺ ያዘ፤ እኛ «ትዝታ» ወደምንለው ተጠጋ።

እኔ ግን ሆፈርን ሳነብ የማስበው እማዬን ነው። ስታርፍ አምስት እሑድ ደውያለሁ፤ አምስቱንም «ተኝታለች» አላችሁኝ። መርዶውን የሰማሁት አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልወጣም ነበርና መምጣት እንደማልችል አውቃችሁ፣ ብቻዬን በሰው አገር እንዳልጎዳ አስባችሁ እንደሆነ ይገባኛል፤ ስላሳደጉኝና ስላስተማሩኝ እግርዎ ሥር ብወድቅም አይበቃኝም። ሆኖም እኔ እናቴን ከጎረቤት ጋር ሆኜ አላለቀስኳትም፤ ያን ከእርስዎ ጋር እስከ ዛሬ አንሥቼው አላውቅም።

አሁን ፈቃዱ በእጄ ነው፤ ለኅዳር ዕረፍት ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ ካስፈለገም ቀድሜ እመጣለሁ። ትንሿ ልጄ አማርኛ ማንበብ ጀምራለች፤ «ሀ ሁ»ን በእርስዎ ፊት ልትወጣልዎ ትፈልጋለች። የግፊት መድኃኒቱን ሲሻልዎ አያቋርጡት፤ በረንዳው ላይ ያለውን ደረጃም ሌሊት ብቻዎን አይውረዱ።

እርስዎ በእህቴ አፍ «ተኝቷል» እንዲባልልኝ አልፈልግም። የምርመራው ውጤት ምንም ይሁን ምን፣ እህቴ ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ቀን ትላክልኝ።

ልጅዎ
ከባዝል