ልጅ መያዝና ወጥ መሥራት አንድ ሥራ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሞግዚት ሲወራ የሚሰማው የአሠሪ እሮሮ ነው። ሰው ጠፋ፣ ደመወዝ ተወደደ፣ በወሯ ጥላ ሄደች። ሥራው ምን እንደሆነ ግን ሲጻፍ ብዙም አይታይም። ደላላው ሠራተኛ ይዞ ሲመጣ የምትጠየቀው «ወጥ ትችያለሽ? እንጀራ ትጋግሪያለሽ? ልጅስ ትወጃለሽ?» ተብላ ነው። ልጅ እጠላለሁ የምትል ስለማትገኝ ሦስተኛው ጥያቄ ለወጉ ነው። ልጁን ቆሎ ቢያንቀው ምን ታደርጊያለሽ የሚላት የለም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሁለቱን ሥራ በአንድ ሰው ላይ መጫኑ ነው። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሽንኩርቱ እየተቁላላ፣ አምስት ወር የሞላው ልጅ ነቅቶ ያለቅሳል እንበል። አዝላው እሳቱ ዘንድ ከቆመች ዘይቱ ይፈናጠራል፣ ልጁም በትከሻዋ በኩል እጁን ይሰዳል። አልጋ ላይ ከተወችው፣ በዚህ ዕድሜ መገልበጥ ስለሚጀምር ይወድቃል። ምድጃውን አጥፍታ ወደ ልጁ ከሄደች ምሳው ይዘገያል፣ ማታም «ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ትባላለች። ትክክለኛው ይሄኛው ነው፤ ቁጣ የሚያመጣባትም ይሄው ስለሆነ አትመርጠውም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰል ይቀጣጠላል። ከሰል ልጅ ያለበት ክፍል ፈጽሞ አይገባም። ፍም ሆኖ ጭሱ ባይታይም የሚያወጣው ጋዝ ይገድላል።

ሁለት ሰው መቅጠር የማይችል ቤት (አብዛኛው አይችልም) ሥራውን በሰዓት መለየት ይችላል። ቁሌቱ እሑድ ተሠርቶ በየቀኑ ልክ ተከፋፍሎ ፍሪዘር ይገባል። እንጀራው ይገዛል፣ የትልልቆቹን ልብስ ቅዳሜ ባልና ሚስት ያጥባሉ። ልጁ ነቅቶ ሳለ ሞግዚቷ ሌላ ሥራ የላትም፤ ሲተኛ የእሱን ልብስና ዕቃ ታጥባለች። ጊዜ ከተረፋት ትረፍ። በዚህ የሚናደድ አሠሪ እንዳለ እናውቃለን።

የእናት ወተት ላይ ትንሽ እንቆይ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይላሉ። እናት ቢሮ ስትመለስ ቀሪው ሦስት ወር ሞግዚቷ እጅ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። የታለበው ወተት ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር እየተከፈለ፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ፣ ቀኑና ሰዓቱ በፕላስተር ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ እስከ 6 ወር ይቆያል። ቦታው የፍሪጁ የኋላ መደርደሪያ ነው፤ በሩ ላይ ከተደረገ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ አይከፈት፤ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ከፍሪዘር ወጥቶ ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ተመልሶ አይገባም። ሲሞቅ ዕቃው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይነከራል እንጂ እሳት ላይ አይጣድም። ማይክሮዌቭም አይሆንም፤ እኩል ስለማያሞቅ ዳሩ ለብ ብሎ መሃሉ ያቃጥላል። ልጁ ጠጥቶ ያስተረፈው ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

ይህን ሁሉ አጥንታም የምትሳሳት አለች። የእናት ወተት መድፋት ያሳሳል፣ «ደፋሽው?» መባልም ያስፈራል፤ ስለዚህ የተረፈውን መልሳ ፍሪጅ ታስገባዋለች። እናትየዋ አስቀድማ «የተረፈውን ድፊው፣ አልቆጣሽም» ካላለቻት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ከንቱ ነው። ደግሞ ከጡጦ ሲኒ ይሻላል። የጡጦ ጫፍ ውስጡ በደንብ ሳይጸዳ ይቀራል፤ ሲኒ ግን ቁሻሻው ይታያል።

መድኃኒት ላይ የሚደጋገመው ስህተት ሁለት ጊዜ መስጠት ነው። እናት ማለዳ 12 ሰዓት ሽሮፕ ሰጥታ ትወጣለች፣ ሞግዚቷ 2 ሰዓት ላይ ልጁ ሲሞቃት ትደግመዋለች። ማን፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሰጠ የሚጻፍበት ወረቀት ፍሪጁ ላይ ይኑር። የፓራሲታሞል ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለውም፣ 250 ያለውም ይሸጣል። አንዱን የለመደች ሌላውን በዚያው ልክ ብትሰጥ ከእጥፍ በላይ ሰጠች ማለት ነው። የቤት ማንኪያ መለኪያ አይሆንም። ከሦስት ወር በታች ያለ ልጅ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሽሮፑ ይቅርና በቀጥታ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ተቅማጥ ሲይዘው ኦአርኤስ (የጠፋውን ፈሳሽ የሚተካው ዱቄት) ከፓኬቱ እየተቆነጠረ በብርጭቆ ሲበጠበጥ ይታያል። ባለ 1 ሊትሩ ፓኬት አንዴ ተከፍቶ ሙሉው በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ (ሁለት ባለ ግማሽ ሃይላንድ) ይበጠበጣል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የቀረው ይደፋል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ በተቀመጠ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በትንሽ በትንሹ። እንዲህ ማድረግ ሐኪም ዘንድ መሄድን አያስቀርም።

ቡና የሚፈላበት ሰዓት ለልጅ ክፉ ሰዓት ነው። ጀበናው ወለል ላይ ነው፣ ቆሎው፣ ኦቾሎኒው፣ ፈንዲሻው ልጅ እጅ በሚደርስበት ሰሃን ላይ። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ልጅ ታንቆ ማልቀስም ማሳልም ካቃተው፣ በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች አዝምሞ፣ በመዳፍ ተረከዝ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ መምታት ነው። ካልወጣ ገልብጦ በሁለት ጣት የደረቱን አጥንት ከጡቶቹ መስመር ዝቅ ብሎ 5 ጊዜ መጫን፣ እስኪወጣ እያፈራረቁ መደጋገም። የማይታየውን ነገር በጣት ለማውጣት መጎርጎር ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በረኪናን ሃይላንድ ውስጥ ገልብጦ ማስቀመጥ ከማንኛውም ቤት መጥፋት ያለበት ልማድ ነው። ልጁ ከጠጣ እንዲያስመልሰው አይደረግም፤ አፉ ታጥቦ፣ ጠርሙሱም ተይዞ ሆስፒታል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ አዋጅ 1156 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን (የሞግዚትና የቤት ሠራተኛ ቅጥር ማለት ነው) ከራሱ አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ግን ወደ ውጭ የምትሄድ ሠራተኛ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት አዟል። ለሪያድ ልጅ የተፈለገው ወረቀት ለጉለሌ ልጅ አይጠየቅም። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች በራሳቸው ይጻፉት፤ የሥራ ሰዓቱን፣ የማትሠራውን ሥራ፣ የደመወዝ ቀኑን፣ የዕረፍት ቀኗን፣ ሌሊት ለልጁ ስትነሳ ካደረች ቀን የምትተኛበትን ሰዓት። «ደመወዟን በተቀበለች ማግሥት ጠፋች» ከሚባሉት ቤቶች ብዙዎቹ ዕረፍቷን «በሌላ ሳምንት» እያሉ ያስተላለፉ ናቸው። ካሜራም እንደ መፍትሔ ይወራል። ካሜራ ማንን እንደምትቀጥሩ አያስተምርም፣ የታነቀ ልጅም አያድንም።

የእናት ፈቃድ ሳያልቅ ሁለት ሳምንት አብረው ይዋሉ። በመጀመሪያው እናት ትሥራ፣ ሞግዚቷ ትይ። በሁለተኛው ሞግዚቷ ትሥራ፣ እናት አፏን ይዛ ትቀመጥ፤ መጨረሻ ላይ ለ2፣ ቀጥሎ ለ4 ሰዓት ከቤት ትውጣ። ከመውጣቷ በፊት ፍሪጁ ላይ ከባልና ሚስቱ ስልክ ሥር 907 አምቡላንስ፣ 939 እሳትና ድንገተኛ አደጋ ተብሎ ይጻፍ። ከዚያ በታች የቤቱ አቅጣጫ፣ ከአስፋልቱ ስንተኛው ቅያስ፣ በየትኛው ሱቅ በኩል፣ የበሩ ቀለም ምን እንደሆነ። ከገጠር በመጣች በወሯ «የት ናችሁ?» ብትባል የምታውቀው የአሠሪዋን ስም ብቻ ነው። ማንበብ ካልቻለች አቅጣጫውን በቃሏ እስክትለው ያስደግሟት፣ ስልኳም ባዶ ካርድ ይዞ እንዳይውል።

የሕፃናት እንክብካቤ አሠልጣኞች
አዲስ አበባ