የማሽኒስቱ ሰዓትም ይቆጠር

ውድ አዘጋጅ፣

ፈጠራ የትልልቅ አምራቾች ሥራ ነው ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ኢኮኖሚስቱ ጆሴፍ ሹምፒተርም እ.ኤ.አ. በ1942 ወደዚሁ ያደላ ነበር። እውነትነት አለው። የተሻለ የአመራረት ዘዴ ከእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ትንሽ ወጪ ቢቀንስ፣ ሚሊዮን ዕቃ ለሚያመርት ያዋጣል። አንድ ሺህ ለሚያመርት ግን የሙከራውን ወጪ እንኳ ላይመልስ ይችላል። ሙከራው ቢከሽፍ ደግሞ ትልቁ ይችለዋል፣ ትንሹ ሊዘጋ ይችላል። ባንክም መያዣ ይጠይቃል፤ ሐሳብ ብቻውን መያዣ አይሆንም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ፈጠራ የሚቆጠርበት መንገድ ነው። ሠላሳ ሠራተኛ ባለው ወርክሾፕ የምርምር ክፍል የሚባል ነገር ብዙ ጊዜ የለም። ማሽኒስቱ ማሽኑን አቁሞ ሻጋታውን ይሞርዳል፣ ይሞክራል፣ እንደገና ይሞርዳል። በመጨረሻ የሚበላሸው ዕቃ ይቀንሳል። ያ ሁሉ ሰዓት መዝገብ ላይ ደመወዝ ተብሎ ያልፋል። የምርምር በጀት ብቻ የሚያይ ጥናት ይህን ሰው ጭራሽ አያየውም።

ለምርምር የሚሰጠው የግብር ቅናሽስ? ትርፍ ላላገኘ ድርጅት፣ ገንዘቡ ተመላሽ ካልሆነ፣ ለጊዜው ምንም አይፈይድለትም። ድጋፍ የሚያደርጉ ሁሉ የማሽኒስቱን ሰዓት እንደ ኢንቨስትመንት ቢቆጥሩት እወዳለሁ።

አንድ አንባቢ