ከማርያም ሥዕል ጀርባ የወጣው ፎቶ

ውድ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ልጆቹ እንዴት ናቸው? ባለቤትህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ እንዲህ ብዬ መጀመሬ ለራሴም ከብዶኛል። አባትህ ማረፋቸውን የሰማሁት በሳምንቱ ነበር። ያን ቀን ልደውልልህ ስልኩን አንስቼ ምን እንደምልህ ጠፋኝ። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። አርባቸው አለፈ፣ ሙት ዓመታቸውም አለፈ። ከዚያ በኋላ ኀፍረቱ አፌን ዘጋው። ልቅሶ መቅረት ለማንም ቢሆን ነውር ነው። የአባትህን ልቅሶ መቅረት ግን ለእኔ ከዚያም በላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ የምጽፍልህ ባለፈው ወር ባገኘሁት ነገር ምክንያት ነው። ቤቱን ቀለም ልናስቀባ ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ አወረድን። የእማዬ የማርያም ሥዕል ትዝ ይልሃል? ሳሎን፣ ከበሩ ትይዩ የተሰቀለችው። የጀርባዋ ካርቶን አርጅቶ ስለነበር ልቀይረው ብዬ ምስማሮቹን ነቀልኩ። ከካርቶኑና ከሥዕሉ መሃል አንድ ፎቶ ወደቀ። ከመዳፍ አይበልጥም። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጠርዙ እንደ ዳንቴል የተቆረጠ። አባዬና አባትህ ናቸው፣ ከአንድ ጂፕ ጋር። ኮሪያ።

ማን እንደደበቀው መጠየቅ አላስፈለገኝም። በደርግ ጊዜ ሰሜን ኮሪያ የመንግሥት ወዳጅ ነበረች። ለደቡብ የተዋጋ ሰው ሜዳሊያውን አውጥቶ የሚያሳይበት ዘመን አልነበረም። አባዬ የኮሪያ ወረቀቶቹን በሙሉ ያቃጠለ ጊዜ እኔና አንተ ግቢው ውስጥ ኳስ እንጫወት ነበር። ይህችን ፎቶ ግን አላስቻለውም።

እስክትደርስህ ድረስ ልንገርህ። አባትህ ጎንበስ ብለው ጢማቸውን እየተላጩ ነው። የብረት ቆባቸውን ኮፈኑ ላይ ገልብጠው ውሃ ሞልተውበታል። ግማሽ ፊታቸው አረፋ ነው፣ ግማሹ የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ነው። አባዬ ከጎናቸው ኮፈኑ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከጣሳ ይበላል። ካሜራውን አያይም፤ ዓይኑ ጣሳው ውስጥ ነው። የጂፑ የፊት መስታወት በሸራ ተሸፍኗል፣ ፀሐይ አርፎበት እንዳያንጸባርቅና ለጠላት ምልክት እንዳይሆን። ከፓራውልቱ መሃል አንድ ብረት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ ነው። መንገድ ላይ የተወጠረ ሽቦ የሾፌር አንገት ሳይደርስ የሚቆርጠው እሱ ነው።

መሪው ላይ ደግሞ ሰንሰለት አለ። ይህን ሳይ አባትህ በረንዳው ላይ ሲያወሩ ድምፃቸው ሁሉ መጣብኝ። "ጂፕ ቁልፍ የለውም ልጆቼ" ይሉን አልነበር? ማብሪያውን አዙሮ በእግር መርገጥ ነው፣ ይነሳል። ስለዚህ ማንም ወታደር የማንንም ጂፕ ይዞ ይሄዳል። ሾፌር ከጂፑ ሲርቅ መሪውን በሰንሰለት ጠፍሮ ቁልፍ የሚያደርግበት ለዚህ ነበር። የቤንዚን ታንከሩም የሾፌሩ ወንበር ሥር ነው። ለመሙላት ወንበሩን ታነሳለህ። አባትህ ያን ሁሉ ወራት 57 ሊትር ቤንዚን ላይ ተቀምጠው ነዱ ማለት ነው፣ ተኩስ ባለበት አገር። ልጅ ሆነን ይህን እንደ ተረት ነበር የምንሰማው። አሁን ልጆች አሳድጌ ሳስበው ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ሲነሱ ሙቀት ነበር። ያ ብርድ ምን እንደሆነ ማን ነግሯቸው? ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ሲወርድ የሞተሩ ዘይት ይረጋል። ሾፌሮች በተራ እየተነሱ ሞተር ያሞቁ ነበር፣ ቁስለኛ ሲመጣ መኪና አልነሳም እንዳይል። ሞተሩ ማድቤታቸውም ነበር። የአሜሪካንን የጣሳ ምግብ እሱ ላይ አስረው ያሞቁታል። መጀመሪያ ጣሳውን መብሳት ነው፣ አለዚያ ይፈነዳል። አባትህ ከአዲስ አበባ በትንባሆ ቆርቆሮ ይዘው የሄዱት በርበሬ አለ። አባዬ ስለዚያ በርበሬ ሲያወራ ስለ ጦርነቱ ከሚያወራው በላይ ያወራ ነበር። በቁንጥር ነበር የሚያድሉት፣ እንደ ጠበል። የሻለቃቸው ስም ቃኘው፣ የራስ መኮንን የፈረስ ስም አይደል? "ስማችን የፈረስ፣ ግልቢያችን የጂፕ" ይሉ ነበር አባትህ።

ያችን ሌሊት አባዬ ሙሉውን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሊሞት ሰሞን። ቅኝት ወጥተው ጭኑን ተመታ። ጓዶቹ ከተራራው በትከሻ አወረዱት። ቃኘው ቁስለኛም ሬሳም ጥሎ አይሄድም። ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸው አንድም ምርኮኛ አላስያዙም። ታች አባትህ ሞተር አስነስተው ይጠብቃሉ። ቃሬዛውን ከኋላ አሰሩት። የፊት መብራት ማብራት ክልክል ነው፤ ያለችው እንደ ድመት ዓይን የጠበበች ብርሃን ናት። መንገዱ በረዶ ነው። አባትህ እንዳይነቀንቁት በአንደኛ ማርሽ ብቻ ነዱ፣ እስከ ሕክምና ድንኳኑ ድረስ። ውዳሴ ማርያም ጮክ ብለው ይደግሙ ነበር። አባዬ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል "ተቀበለኝ! ተቀበለኝ!" ይሉታል። እንቅልፍ ከወሰደው እንደማይነሳ ገብቷቸዋል። እስኪደርሱ ድረስ ሲቀበላቸው አደረ።

እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። የእኚህን ሰው ልቅሶ ነው የቀረሁት።

ባለፈው እሁድ አፍንጮ በር፣ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያው ጋ ሄድኩ። ፎቶዋን ይዤ ነበር። ብዙ ተቀመጥኩ፣ አለቀስኩም። የዘገየ ልቅሶ ቢሆንም ለአባትህ ነበር።

ኮፒ አስነስቼ ለራሴ አስቀርቻለሁ። ዋናዋ ያንተ ናት። ለፋሲካ ወደ እናንተ የሚመጣ ዘመድ አለኝ፣ በእጁ እልክልሃለሁ። ስልኬ ያው ነው። ከፈለግህ ደውለህ ስደበኝ፣ ብቻ ደውል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፎቶው ግርጌ ላይ፣ ከጎማው አጠገብ፣ የሰው ጥላ አለ። ካሜራውን የያዘው ሰው ነው፣ ክንዶቹ ወደ ላይ ታጥፈዋል። አባዬ ሦስተኛ ጓደኛ እንደነበራቸው ነግሮኝ አያውቅም። አባትህስ ነግረውህ ይሆን?

ያንተው ወንድም